ተንፍሶም የማይቆም ጎማ

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን፣ ቀኑ ሊመሽ ሲል፣ አንዲት ጥቁር የቤት መኪና ከባምባሲ በኩል መጥታ አሶሳ ካለው ጎሚስታ ቤቴ ደጅ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ቆመች። የወረደው ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል።

«ጋሼ፣ የኋላ ቀኙን እስኪ ይዩልኝ። ባምባሲ ሳንደርስ የጀመረ መብራት እስካሁን አልጠፋም» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጎማው ትንሽ ረገብ ብሏል እንጂ የተነፈሰ አይመስልም። መለኪያውን ስሰካበት ግን ባዶ ነው፤ አንዲት ትንፋሽ አየር የለውም። መኪናዋ ባዶ ጎማ ላይ ከስልሳ ኪሎ ሜትር በላይ መጥታለች፤ ሰውየውም በመብራቱ እንጂ በመሪው አላወቀም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጎማ ፈትቻለሁ፤ ይህን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

አብረውኝ ከሚሠሩ ሁለት ልጆች ጋር ሆነን ጎማውን ከቸርኬው ለማላቀቅ አንድ ሰዓት ፈጀብን። የጎኑ ግድግዳ እንደ ወይራ ጠንካራ ነው። በመጨረሻ ሲላቀቅ እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ጣቶቼ ጥቁር ዱቄት ይዘው ወጡ። ጎማ ያለ አየር ሲሽከረከር ግድግዳው እየታጠፈ እየተዘረጋ ራሱን ይፈጫል፤ ዱቄቱ ያ የተፈጨው ነው። የወጋው ነገር ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ የሽመል ስንጣሪ ነበር።

«ይለጥፉልኝ» አለ።

«ወንድሜ፣ ይሄ አይለጠፍም» አልኩት።

ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ ከበደኝ። በዚህ መንገድ ላይ ጎማ አይለጠፍም ተብሎ አያውቅም። ሲያቅት እንኳ ከአሮጌ ጎማ ጉርድ ተቆርጦ ከውስጥ ይደረብለታል፤ ይሰፋል፤ ይታሰራል። የዚያን ለት ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ስለ ሙያዬ ሳስብ አደርኩ፤ ይህን የምጽፈውም ከዚያ ሌሊት ተነሥቼ ነው።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም ነው። ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪናውን ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ ዐፄ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። የሙያው ቋንቋ ግን የእንግሊዝ አይደለም። ጎማ ራሱ የጣሊያን ቃል ነው፤ ጎሚስታም እንዲሁ። ክሪክ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ስኮርታ፣ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ከጎማ ውስጥ ያለውን ቀጭን ፊኛ ጣሊያኖቹ «የአየር ክፍል» ብለው የሰየሙት እኛ አፍ ሲገባ ከመነዳሪ ሆነ፤ ካላማዳሪያ የሚለውም አለ። በአምስቱ ዓመት ወረራ መንገድ የሠሩት፣ ካሚዮን የነዱት፣ ጎማ የፈቱት ጣሊያኖችና አብረዋቸው የዋሉ ያገራችን ልጆች ስለነበሩ ስሙም በዚያው ቀረ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ሊሾ ሆነ የሚለው ሾፌር የማን ቋንቋ እንደሚናገር አያስበውም፤ የራሱ ቋንቋ ሆኗልና።

እኛ ክልል ግን ይህ ቋንቋ የገባው አንዴ ብቻ አይደለም። በ1978 ዓ.ም በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ፓዌ ላይ ሲጀመር የሳሊኒ ኩባንያ ትራክተርና ገልባጭ ይዞ መጣ። ያው ኩባንያ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋዩ ለተጣለው የሕዳሴ ግድብ ተመልሶ ጉባ ገባ። ግድቡ ላይ ሠርተው የተመለሱ ልጆች ጎማ ቤቴ ሲመጡ፣ ሙያውን ያስለመደኝ የዱሮ አሠሪዬ ከአያቶቻችን ዘመን ይዞ ያስተማረኝን ቃል እነርሱ ከሳይቱ ይዘውት መጥተው ነበር። ሦስት ጊዜ የመጣ ቋንቋ ነው ማለት ነው።

አሶሳ ደግሞ ፊቷ ወደ ሁለት ወገን ነው። ኩርሙክ፣ የሱዳን ድንበር፣ ከእኛ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ650 ይበልጣል። ከኩርሙክ በኩል የሚመጣ ሾፌር ጎማን ላስቲክ ይለዋል፤ የተበሳ ጎማ የሚጠገንበትን ቤት በንሸር ይለዋል። የበርታ ነጋዴዎችም እንደዚያው ነው የሚሉት። እኛ ከወሎ የመጣነው ላስቲክ የምንለው ሌላ ነገር ስለነበር ሥራ ስጀምር የመጀመሪያ ትምህርቴ ይህ ሆነ፤ ደንበኛው ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ምን እንደፈለገ አታውቅም። እስካሁን ጎማ ቤቴ ውስጥ ሁለቱም ቃል ይነገራል። አሶሳን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከኩርሙክ በኩል ስለመጣ ነገር ካነሣሁ የ1933 ዓ.ምን ነገር ማለፍ አልችልም። መጋቢት 2 ቀን የቤልጅየም ኮንጎ ጦር ከሱዳን በኩርሙክ አድርጎ ገብቶ አሶሳን ከጣሊያን እጅ አስለቀቀ። ወታደሮቹ የኮንጎ ልጆች ነበሩ፤ ከአገራቸው ተነሥተው በሱዳን አድርገው ከእኛ ዘንድ እስኪደርሱ የተጓዙት መንገድ በሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነው። እኔ ያንን ጉዞ ሳስብ ከጠመንጃው ይልቅ ጎማው ነው የሚታየኝ። ዓመት ሳይሞላም ጃፓን ማላያንና የሆላንድ ኢንዲስን ስትይዝ የዓለም የተፈጥሮ ጎማ አብዛኛው የሚመጣበት አገር ከገበያ ወጣ። ወርቅ በሚታጠብበት አገር ጎማ ከወርቅ የተወደደበት ዘመን መኖሩን ወጣቶቹ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

እኔ አሶሳ የገባሁት በ1977 ዓ.ም፣ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ድርቁ ወሎን ሲያራቁተው በሠፈራ ፕሮግራም ከመጡት ቤተሰቦች አንዱ የእኛ ነበር። መንደሮቻችን ስም ሳይሆን ቁጥር ነበራቸው፤ አምባ ይህን ያህል፣ አምባ ያን ያህል። ከጉዞው የማስታውሰው ረሃቡን ሳይሆን ካሚዮናችን ከነቀምቴ ወዲህ፣ ዴዴሳን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ የቆመችበትን ነው። ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወረድን። ረዳቱ እንደ እባብ መሬት ተጋድሞ ክሪኩን አስገባ፣ ቡሎኖቹን ፈታ፣ ከመነዳሪውን አወጣ፣ እንደ አንጀት ዘረጋው። የሚያፈስበትን ለማግኘት ውሃ ስላልነበረ ምራቁን እየቀባ ፈለገ። አባቴ «ይህ ልጅ ሁላችንንም ይዞናል» አለ። ያ ንግግር ነው እዚህ ሥራ ያስገባኝ ብል አልዋሸሁም።

በ1984 ዓ.ም ከአንድ ጎሚስታ ዘንድ ተቀጠርኩ። አሠሪዬ ከልጅነቱ ጀምሮ የትሬንታ ኳትሮ ካሚዮን ረዳት የነበረ፣ ኋላም ኤንትሬ የነዳ፣ እግሩ ሲያቅተው መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ እዚሁ ከተማ ስላሉ። የሙያው ሥርዓት እንዲህ ነበር። ከመነዳሪው ይነፋል፣ ሳፋ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ አረፋ የሚወጣበት በኖራ ይከበባል። ከዚያ በሞረድ ይፋቃል፤ ጥፍር ቢዳስሰው እንደ ድመት ምላስ መሻከር አለበት። ቀዝቃዛ ልጥፍ ከሆነ ማስቲሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ችኩል ጎሚስታ እዚህ ላይ ይታወቃል። ትኩስ ልጥፍ ከሆነ ጥሬ ጎማ ይደረግና በብረት መጭመቂያ ይታሰራል፤ ከላዩ አሮጌ ፒስተን ተቀምጦ ውስጡ ትንሽ ቤንዚን ይነድበታል። ቤንዚኑ ነዶ ሲያልቅ ጎማው በስሏል። አሠሪዬ ይህን ሲሠራ ሰዓት አያይም ነበር፤ በጠረኑ ያውቃል።

ጥሬ ጎማ በድኝና በሙቀት እንደሚበስል እ.ኤ.አ. በ1839 ያገኘው ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ነው። የበሰለ ጎማ ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። ይህን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ ሳውቅ ግን አሠሪዬ «አንዴ የተሳሳተ ልጥፍ ሁለተኛ ዕድል የለውም» ይለኝ የነበረው ምን እንደሆነ ገባኝ።

ከሁሉ የምፈራው ቀለበቱን ነበር። የዱሮ ካሚዮን ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም፤ ጎማውን የሚይዘው በመዶሻ እየተመታ የሚገባ የብረት ቀለበት ነው። ካልገጠመ፣ ሲነፋ ተፈናጥሮ ይወጣል። ሰው ገድሏል። አሠሪዬ በሰንሰለት ሳያስር፣ ፊቱንም ሳያዞር ነፍቶ አያውቅም፤ እኛንም ከፊቱ አያቆመንም ነበር። ዛሬም አብረውኝ የሚሠሩትን ልጆች ስቆጣ የምቆጣው በዚህ ነው።

አሁን ወደዚያች ጥቁር መኪና ጎማ የሚያደርሰኝን ልንገር። ተንፍሶ የማይቆም ጎማ መፈለግ አዲስ ነገር አይደለም። አሠሪዬ የነገረኝ፣ እኔም አንድ ጊዜ በዓይኔ ያየሁት መላ አለ። ከመነዳሪው ከተቀደደ፣ ስኮርታውም ካለቀ፣ ሾፌርና ረዳት ማጭድ ይዘው ይወርዳሉ። ደረቅ ሣር ያጭዳሉ። ሣሩን እየጠመዘዙ ጎማው ውስጥ በብረት ማንሻ ይጠቀጥቃሉ፤ እስኪጠነክር፣ እጅ እስኪላጥ። ከዚያ ቀስ፣ በሰው እርምጃ ያህል። በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ጎማውን መዳሰስ ነው፤ ሣሩ ይግላልና፤ ካጨሰ ውሃ። እኔ ያየሁት ካሚዮን ከመንዲ ወዲህ ተነሥቶ ባምባሲ የገባው በሁለተኛው ቀን ነው። ጎማው ሲፈታ የወጣው ሣር እንደ ትንባሆ ጠቁሮ ነበር። ባለመኪናው እጁን ለረዳቱ ዘርግቶ ሲጨብጠው ሁለቱም አልተናገሩም።

የኋላ ጎማው ጥንድ የሆነ ካሚዮን ደግሞ የራሱ መላ አለው፤ አንዱ ሲሞት ይፈታና ጥንዱ ብቻውን ይሸከመዋል። ጭነት ይቀነሳል እንጂ ጉዞ አይቀርም። መሐንዲሶቹ ወረቀት ላይ ከመፈለጋቸው በፊት ሾፌሮቻችን በሣርና በጥንድ ጎማ ፈልገውት ነበር ስል ለማጋነን አይደለም፤ ፍላጎቱ አንድ መሆኑን ለማሳየት ነው። ሰው ጨለማ ውስጥ መቆም አይፈልግም።

ፈረንጆቹ የፈለጉበት መንገድ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዳንሎፕ ዴኖቮ የሚል ጎማ አወጣ። በዚያው አቆጣጠር በ1994 ጉድይር ለኮርቬት መኪና ግድግዳው የጠነከረ ጎማ በምርጫ አቀረበ፤ በ1997 የወጣው አዲሱ ኮርቬት ደግሞ ከነጭራሹ ስኮርታ ጎማ የለውም ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ውድ የቤት መኪኖች ላይ ተለመደ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በጎን ግድግዳው ውስጥ ወፍራም ጠንካራ ጎማ ይጨመራል፤ አየሩ ሲወጣ ግድግዳው እንደ ምሰሶ ቆሞ መኪናውን ይሸከማል። ፋብሪካዎቹ በተለምዶ የሚሰጡት ልክ 80 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው፣ በሰዓት ከ80 ሳያልፉ። መተንፈሱ በዓይን ስለማይታይ ደግሞ የአየር መቆጣጠሪያ መብራት የግድ ነው። ያ መብራት ከተበላሸ ሾፌሩ ዕውር ነው።

80 ኪሎ ሜትር ለጀርመን መንገድ በቂ ነው፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ምትክ ጎማ የሚሸጥ ቤት አይጠፋም። በእኛ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ከአንዱ ከተማ ወደሚቀጥለው ያደርስሃል፤ እዚያ ግን የሚጠብቅህ እንደ እኔ ያለ ሰው ነው፤ በእጁ ሞረድና ማስቲሽ የያዘ። እኔ ደግሞ ለዚያ ጎማ ምንም አይደለሁም። ያበሳጨኝ ይህ ነው፤ ሙያዬ ስለተናቀ ሳይሆን ሰውየውን ልረዳው ስላልቻልኩ።

ሾፌሩ ጎማው ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝና «የበጋ ጎማ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ፤ ለእኛ አገር ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አውሮፓ በጋ የሚለውና እኛ በጋ የምንለው አንድ አይደለም። የእነርሱ ክረምት በረዶ ነው፤ የክረምት ጎማቸው ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ምልክት አለው፣ ጎማውም ለብርድ እንዲለሰልስ ተደርጎ የተቀመመ ነው። የበጋ ጎማቸው ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይደርቃል፣ መያዝ ይተዋል። አሶሳ ግን 7 ዲግሪ አይታወቅም። ስለዚህ በቅመሙ ከሄድን የበጋ ጎማ ለእኛ የዓመት ሙሉ ጎማ ነው። በጥርሱ ከሄድን ግን ሌላ ነው፤ ጥርሱ የተቆረጠው በአስፋልት ላይ ያለ ውሃን እንዲያወጣ እንጂ ሐምሌ ላይ ከአስፋልት ወጥተህ ወደ አምባዎቹ ስትገባ የሚጠብቅህን ቀይ ጭቃ እንዲቧጥጥ አይደለም። ጭቃው ጥርሱን በአንድ ዙር ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ሊሾ ነው። ለሰውየውም እንዲሁ ነገርኩት።

እርሱም የራሱን ነገረኝ። ጎማው ደረቅ እንደሆነ፣ ጉድጓድ ሲመታ ወገብ ድረስ እንደሚሰማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ በልኩ ለማግኘት ፍለጋ እንደሚያስፈልግ፣ ዋጋውም ከተራው እንደሚበልጥ። «ታዲያ ለምን ያዝከው?» ስለው ዞሮ ልጆቹን አየ። «ጋሼ፣ ጫካው መሀል ነበር የበራብኝ። ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ተራ ጎማ ቢሆን እዚያ ወርጄ ክሪክ አስገባ ነበር» አለ።

መልስ አልነበረኝም። ካለፉት ዓመታት ወዲህ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ በኩል የሚሄድ ሾፌር በጸጥታ ችግር መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ በአጀብ ሲሄድና ሲጠብቅ የቆየ ነው፤ መቆም ምን እንደሆነ ከእርሱ በላይ አስረጂ የለም። እኔ የልጥፍ ሰው ነኝ፤ ጎማ ሊጠገን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለት ልጅ ይዞ ጫካ መሀል ያልቆመን ሰው ግን ተሳስተሃል አልለውም። ጎማው ለመንገዱ አልተሠራም፤ ለዚያች ሰዓት ግን ተሠርቷል።

ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ እያየሁት ነው። ዱሮ ላንድክሩዘሩም፣ ትንሹ አይሱዙም ሰባት ሃምሳ አሥራ ስድስት ያደርጉ ነበር፤ ከመነዳሪ ያለው ጎማ። አዲስ ጎማ የምናየው አዲስ አበባ ካለው ፋብሪካ ነበር፤ አዲስ ጎማ ይባል የነበረው፣ በ1990ዎቹ ማታዶር፣ ኋላ ሆራይዘን የተባለው። የሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ በ1989 ዓ.ም ሲከፈት፣ በ2004 ደግሞ የባምባሲው ሲጨመር የእርዳታ ድርጅቶች መኪኖች ስለመጡ ከመነዳሪ የሌላቸው ጎማዎች በዙ፤ የተበሳውን ከውጭ በኩል በላስቲክ ገመድ ደፍነህ መሸኘት ነው፤ አምስት ደቂቃ። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መጡ። ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፤ በስኮርታው ቦታ አንዲት ጠርሙስ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው ያላቸው። ፈሳሹ የተጨመረበት ጎማ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ማጠብ ነው።

ሰውየው ከቤተሰቡ ጋር አሶሳ ሁለት ቀን አደረ። ጎማው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ፤ ተራ ጎማ ነው፣ በልኩ የተገኘው እርሱ ብቻ ስለነበረ። ገጠምኩለት። ስኮርታ ስለሌለው አሮጌ ቸርኬ ፈልጌ ያገለገለ ጎማ አሰርኩለት፤ ሻንጣዎቹ መሀል አስቀመጠው። የእጄን ዋጋ አልተቀበልኩትም፤ የጎማውን ብቻ።

ያ ያልተለጠፈው ጎማ ደጄ ላይ ቀረ። በሳምንቱ ከአምባ የሚመጣ፣ በረባሶ የሚሠራ ጎረቤቴ አየው። እርሱም የወሎ ሰው ነው፤ አሁን ጎማው ሁሉ ውስጡ ሽቦ ሆኖበት ሥራው ከእጁ ሊወጣ ደርሷል፤ ጥሩ በረባሶ የሚወጣው ሽቦ ከሌለው ከዱሮው ጎማ ነበርና። ተቀመጠ፣ ጎማውን በጉልበቶቹ መሀል ያዘ፣ ግድግዳውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ቢላዋውን በውሃ አርሶ ከጎኑ ቆረጠ። ከውስጥ ያለውን የተፈጨ ጎማ ፋቀው፤ ከሥሩ ወፍራም፣ ያልተነካ ጥቁር ጎማ ወጣ፤ ሽቦ የለውም።

«ጋሼ፣ ከዚህ ስንት አለህ?» አለኝ።

«ያው አንዱ ነው።»

«ሌላ ቢመጣ ለኔ አስቀምጥልኝ» ብሎ፣ የልጁን እግር ልክ ከኪሱ ካወጣው ካርቶን ላይ አስቀምጦ በኖራ ዙሪያውን ማስመር ጀመረ።